የጋራ ስምምነት ውሳኔ በኮሃውሲንግ

የጋራ ስምምነት ውሳኔ አንድ ቡድን ድምፅ ቆጥሮ አብላጫውን አሸናፊ ከማድረግ ይልቅ፣ አባላቱ ሁሉ ሊቀበሉት የሚችሉት ሐሳብ እስኪገኝ ድረስ ተወያይቶ የሚወስንበት ዘዴ ነው። ይህ ዘዴ በስፋት ከሚሠራባቸው ቦታዎች አንዱ ኮሃውሲንግ የሚባለው የመኖሪያ ዓይነት ነው። ኮሃውሲንግ ማለት እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ የተሟላ ቤት ኖሮት፣ ግቢውን፣ የጋራ ቤቱንና አንዳንድ ሥራዎችን ከጎረቤቶቹ ጋር የሚጋራበት፣ ነዋሪዎቹ ራሳቸው የሚያቅዱትና የሚያስተዳድሩት መንደር ነው።

በስምምነት መወሰን ማለት ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አስተሳሰብ ይኖረዋል ማለት አይደለም። ከአባላቱ አንዳንዶቹ ውሳኔው የመጀመሪያ ምርጫቸው ባይሆንም አብረውት መኖር እንደሚችሉ ካረጋገጡ ስምምነት ተደረሰ ይባላል። በሌላ በኩል አንድ አባል ብቻውን ውሳኔን ማስቆም የሚችልበት ዕድል አለ። ስለዚህ ዘዴውን የሚጠቀሙ መንደሮች ዋና ጥያቄ፣ ብቻውን የቀረውን ሰው እየሰሙ መላው ማኅበረሰብ ግን የአንድ ሰው እስረኛ እንዳይሆን ማድረግ የሚቻለው እንዴት ነው የሚል ነው።

የኮሃውሲንግ አጀማመር

ኮሃውሲንግ የተጀመረው በዴንማርክ ነው። አርክቴክቱ ያን ጉድማንድ ሆየር እ.ኤ.አ. በ1964 ከጓደኞቹ ጋር ስለ አዲስ ዓይነት መኖሪያ መወያየት ጀመረ። ቡድኑ በኮፐንሃገን አቅራቢያ ቦታ ቢገዛም የአካባቢው ነዋሪዎች ስለተቃወሙ ዕቅዱ ሳይሳካ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1967 ቦዲል ግሮ የተባለች ጸሐፊ ልጆች መቶ ወላጆች ሊኖሯቸው እንደሚገባ የሚከራከር ጽሑፍ በጋዜጣ አወጣች፤ በዓመቱ ደግሞ ጉድማንድ ሆየር የራሱን ሐሳብ አሳተመ። በነዚህ ጽሑፎች ዙሪያ ከተሰባሰቡ ቤተሰቦች ሁለት መንደሮች ተወለዱ፦ እ.ኤ.አ. በ1972 በሂለሮድ ከተማ አቅራቢያ የተጠናቀቀው ባለ 27 ቤቱ ሴተዳመንና እ.ኤ.አ. በ1973 የተጠናቀቀው ባለ 33 ቤቱ ስክሮፕላነት።

ዴንማርኮች ይህን አኗኗር ቦፈለስካብ ይሉታል፤ የመኖሪያ ማኅበር እንደ ማለት ነው። «ኮሃውሲንግ» የሚለውን ቃል ያስለመዱት ካትሪን ማካማንትና ቻርልስ ዱሬት የተባሉ አሜሪካውያን አርክቴክቶች ሲሆኑ፣ በዴንማርክ ያዩትን እ.ኤ.አ. በ1988 በመጽሐፍ አሳትመዋል። በአሜሪካ በዚህ ሐሳብ ከመሠረቱ የተገነባው የመጀመሪያው መንደር በካሊፎርኒያ ዴቪስ ከተማ የሚገኘው ባለ 26 ቤቱ ሚዩር ኮመንስ ነው፤ ነዋሪዎቹ የገቡበት እ.ኤ.አ. በ1991 ነበር።

አንድ መንደር ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ቤቶች ይኖሩታል። መኪና የሚቆመው በግቢው ዳር ሲሆን ቤቶቹ ወደ መካከለኛው መተላለፊያ ፊታቸውን ያዞራሉ። የጋራ ቤቱ ትልቅ ወጥ ቤት፣ የመመገቢያ አዳራሽ፣ የልጆች መጫወቻ፣ የልብስ ማጠቢያና የእንግዳ ክፍሎች ሊኖሩት ይችላሉ። ምግብ በተራ ይበሰላል፤ ግቢው በጋራ ይጸዳል። ገቢ ግን የየቤተሰቡ ነው፤ ኮሃውሲንግ ሀብትን ጠቅልሎ ከሚያዋህድ ኮምዩን የሚለየው በዚህ ነው።

የዘዴው አመጣጥ

በምዕራቡ ዓለም የስምምነት ውሳኔ ዋና ምንጭ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በእንግሊዝ የተነሣው የኩዌከሮች የሃይማኖት ማኅበር ነው። ኩዌከሮች በጉዳዮቻቸው ላይ ሲመክሩ ድምፅ አይሰጡም። ተሰብሳቢዎች በዝምታ መካከል እየተነሡ ይናገራሉ፤ ስብሰባውን የሚመራው ጸሐፊ የጉባኤው ስሜት ወዴት እንዳዘነበለ አስተውሎ በቃል ያቀርባል፤ ተሰብሳቢው ካጸናው ውሳኔው እዚያው በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል።

የዘዴው ጥንካሬም ድክመትም በኩዌከሮች ታሪክ ውስጥ በግልጽ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1688 በፔንሲልቬኒያ ጀርመንታውን የሚኖሩ አራት ሰዎች ባርነትን የሚቃወም ጽሑፍ ለማኅበራቸው አቀረቡ። የፊላደልፊያ ዓመታዊ ጉባኤ አባላቱ ባሪያ እንዳይኖራቸው የከለከለው ግን እ.ኤ.አ. በ1776 ነው፤ በመካከሉ 88 ዓመታት አልፈዋል። ውሳኔው ከተደረሰ በኋላ ማኅበሩ ባርነትን በመቃወም የታወቀ ሆነ። ይሁንና አባላቱ እስኪስማሙ ድረስ ዋጋውን የከፈሉት በጉባኤው ውስጥ ቦታ ያልነበራቸው በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። ይህ ታሪክ ስምምነት የሚቆጥረው በስብሰባው ውስጥ ያሉትን ብቻ እንደሆነ፣ ውሳኔን ማዘግየትም ራሱ ውሳኔ እንደሆነ ያሳያል።

ዘዴው ከሃይማኖት ውጭ የተስፋፋው በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በነበሩት የሰላም፣ የሴቶች መብትና ፀረ ኑክሌር እንቅስቃሴዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር የተቋቋመው ክላምሼል አላያንስ በሲብሩክ ሊሠራ የታሰበውን የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለመቃወም አባላቱን በትንንሽ ቡድኖች አደራጅቶ በስምምነት ይወስን ነበር፤ ዘዴውን ያስተማሩት የኩዌከር ድርጅት ሠራተኞች ነበሩ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ ኮሃውሲንግ ሲቋቋም ብዙዎቹ መንደሮች ይህንኑ ልምድ ወረሱ።

ጎረቤቶች ስምምነትን የሚመርጡበት ምክንያት

በፓርላማ ወይም በአክሲዮን ማኅበር ድምፅ ተሰጥቶ የተሸነፈው ወገን ወደ ቤቱ ይሄዳል። በኮሃውሲንግ ግን አሸናፊውና ተሸናፊው በማግሥቱ አንድ ገበታ ላይ ይቀመጣሉ። በ24 ቤቶች መካከል 14 ለ10 የተወሰነ ጉዳይ አሥር ቅር የተሰኙ ቤተሰቦችን ይተዋል። ውሳኔውን የሚያስፈጽም ቅጥር ሠራተኛ ስለሌለም፣ ሣሩን የሚያጭዱት፣ ምግቡን የሚያበስሉትና መዋጮውን የሚከፍሉት እነዚያው ቅር የተሰኙት ጭምር ናቸው።

በዚህ ምክንያት የዘዴው ደጋፊዎች ጊዜን የሚመለከቱት በተለየ ሂሳብ ነው። ድምፅ መስጠት ፈጣን ነው፤ አፈጻጸሙ ግን በቸልተኝነትና በአቤቱታ ሊጓተት ይችላል። ስምምነት ለመድረስ ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ ከተደረሰ በኋላ ግን ሁሉም ስለሚያውቀውና ስለተቀበለው ሥራው በቶሎ ይሄዳል።

የስብሰባው ሂደት

ዝርዝሩ ከመንደር መንደር ቢለያይም የተለመደው ሂደት የሚከተለው ነው።

1. ዝግጅት፦ ጉዳዩን የሚመለከተው ኮሚቴ መረጃ ሰብስቦ የውሳኔ ሐሳቡን በጽሑፍ ያዘጋጃል። አጀንዳው ከስብሰባው ቀናት ቀደም ብሎ ለሁሉም ይደርሳል።
2. ማብራሪያ፦ አቅራቢው ችግሩ ምን እንደሆነና ሐሳቡ እንዴት እንደሚፈታው ይናገራል። በዚህ ደረጃ የሚፈቀደው ለመረዳት የሚጠየቅ ጥያቄ ብቻ ነው።
3. ሰፊ ውይይት፦ አባላት ሐሳቡን ከመንደሩ ዓላማ ጋር እያገናዘቡ ይነጋገራሉ።
4. ስጋቶችን መለየት፦ እያንዳንዱ ስጋት ሳይከራከሩበት በሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ከተጻፈ በኋላ የተናጋሪው ብቻ ሳይሆን የቡድኑ ሁሉ ሥራ ይሆናል።
5. ማሻሻል፦ ስጋቶቹን የሚያቃልል ለውጥ በሐሳቡ ላይ ይደረጋል። ካልተቻለ ወደ ኮሚቴው ተመልሶ በሚቀጥለው ስብሰባ ይቀርባል።
6. መፈተሽ፦ አወያዩ የተሻሻለውን ሐሳብ ቃል በቃል አንብቦ እያንዳንዱ አባል አቋሙን እንዲገልጽ ይጠይቃል።
7. መመዝገብ፦ ውሳኔው፣ ፈጻሚው፣ የሚታይበት ቀንና የተነሡት ቅሬታዎች በቃለ ጉባኤ ይሰፍራሉ።

ስብሰባውን የሚመራው አወያይ ሥራው ሂደቱን መጠበቅ እንጂ ሐሳብ ማቅረብ አይደለም። በጉዳዩ ላይ የጠነከረ አቋም ካለው ቦታውን ለሌላ ይለቃል። ከእርሱ ሌላ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ፣ ሰዓት የሚጠብቅና ተናጋሪዎችን በተራ የሚመዘግብ ሰው ይኖራል። በብዙ መንደሮች እነዚህ ኃላፊነቶች በተራ ይዞራሉ፤ አንድ ሰው ሁልጊዜ ሲያወያይ ሥልጣን ሳይታወቅ በእጁ ይከማቻልና።

የአባላት ምላሽ

ሐሳቡ ሲፈተሽ አንድ አባል ከሚከተሉት አንዱን ይመርጣል።

መስማማት፦ ሐሳቡን ይደግፋል፣ ወይም ፍጹም ባይሆንም ይቀበለዋል።

ገለል ማለት፦ በሐሳቡ አያምንም፤ ቡድኑ እንዲቀጥል ግን ይፈቅዳል። ምክንያቱ በቃለ ጉባኤ ይጻፋል። ገለል የሚሉት ሰዎች ከበዙ ሐሳቡ እንዳልበሰለ ምልክት ስለሆነ ጥሩ አወያይ ውሳኔውን ያዘገየዋል።

ማገድ፦ ሐሳቡ የመንደሩን መሠረታዊ ዓላማ ይጥሳል ወይም ማኅበረሰቡን ይጎዳል ብሎ ያስቆመዋል። ለዘዴው የጽሑፍ መመሪያ ካዘጋጁት አንዱ የሆነው ሲ. ቲ. በትለር እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው መጽሐፍ፣ እገዳ በግል ምርጫ ሳይሆን በቡድኑ የጋራ መርሆች ላይ መመሥረት እንዳለበት አስገንዝቧል። ይህን የሚለየው አጋጁ ብቻ ሳይሆን ቡድኑም ነው።

አንዳንድ መንደሮች ምላሹን በባለ ቀለም ካርድ ያሳያሉ፤ በተለመደው አጠቃቀም አረንጓዴ መስማማትን፣ ቀይ ደግሞ ማገድን ያመለክታል። የካርዱ ጥቅም ዝምታን እንደ ስምምነት ከመቁጠር ማዳኑ ነው።

ምሳሌ

ሂደቱን ለማስረዳት አንድ ምናባዊ መንደር እንውሰድ። የልጆች ወላጆች በመካከለኛው መተላለፊያ መኪና ጨርሶ እንዳይገባ ሐሳብ ያቀርባሉ። ከ24ቱ ቤቶች 23ቱ ይደግፋሉ። አንዲት እግራቸውን የሚያማቸው አሮጊት ግን ይቃወማሉ። ድምፅ ቢሰጥ ጉዳዩ በአምስት ደቂቃ ያልቃል፤ እርሳቸውም በዝናብ የገበያ ዕቃቸውን ከመኪና ማቆሚያው እስከ ቤታቸው ይሸከማሉ።

በስምምነት ሂደት አወያዩ «ይደግፋሉ ወይስ ይቃወማሉ?» አይልም፤ «ምን ያሰጋዎታል?» ብሎ ይጠይቃል። የአሮጊቷ ስጋት መኪና ሳይሆን ዕቃ ማድረስና የአምቡላንስ መግቢያ መሆኑ ይገለጣል። የወላጆቹም ስጋት መኪና መኖሩ ሳይሆን ፍጥነትና ልጆች ከትምህርት ቤት የሚመለሱበት ሰዓት ነው። መተላለፊያው በሚነቀል ምሰሶ እንዲዘጋ፣ ቁልፉ በአሮጊቷና በአንድ ጎረቤት እጅ እንዲሆን፣ ልጆች በሚጫወቱበት ሰዓት እንዳይከፈት፣ ከስድስት ወር በኋላም እንደገና እንዲታይ ይስማማሉ። አሮጊቷ በዚህ ውይይት ያገኙት የምሰሶውን ቁልፍ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤቶቻቸው እግራቸው እንደሚያማቸው ያወቁት በዚያ ስብሰባ ሊሆን ይችላል።

ይህ ምሳሌ የሚሠራው ሁለቱ ወገኖች ከአቋማቸው በስተጀርባ የተለያየ ፍላጎት ስላላቸው ነው። የሁለቱም ፍላጎት አንድ ዓይነት ሲሆንና አንዱ ሲያገኝ ሌላው የግድ ሲያጣ ውይይት ብቻውን መፍትሔ አያመጣም።

የእገዳ ችግር

አንድ ሰው ሁሉን ማስቆም ሲችል ሥልጣኑ ወደ ነባሩ ሁኔታ ያዘነብላል። ለውጥ የሚፈልጉ ሃያ ሰዎች ሁሉንም ማሳመን አለባቸው፤ ለውጥ የማይፈልገው አንድ ሰው ግን ማንንም ማሳመን አይጠበቅበትም። በታሪክ የታወቀው ምሳሌ የፖላንድና ሊትዌኒያ መንግሥት ምክር ቤት ነው። በዚያ እያንዳንዱ እንደራሴ የምክር ቤቱን ጉባኤ በአንድ ቃል የማፍረስ መብት ነበረው። መብቱ እ.ኤ.አ. በ1652 ጉባኤውን ለማሰናከል ከዋለ በኋላ እየተደጋገመ መንግሥቱን አዳከመው፤ ባዕዳን ኃይሎችም እንደራሴዎችን በገንዘብ እየገዙ ተጠቀሙበት። የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1791 በወጣው ሕገ መንግሥት ነው።

በመንደር ደረጃ ጉዳቱ ጸጥ ያለ ነው። ደጋግሞ የሚያግድ ሰው ባለበት ሌሎቹ ሐሳብ ማቅረብ ያቆማሉ፤ ስብሰባ መምጣት ይቀራል። የሚያግደው ሰውም አይጠቀምም፤ ሐሳቡን ከመስማት ይልቅ እርሱን እንዴት እንደሚያልፉት የሚመክሩ ጎረቤቶች መካከል ይኖራል።

እገዳን ለመግራት የወጡ ደንቦች

በዴቪስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነባር ቤቶችን አጥር አፍርሶ በማገናኘት የተጀመረው ኤን ስትሪት የተባለው መንደር በስሙ የሚጠራ ደንብ አለው። እገዳ የሚያቀርብ ሰው ሐሳቡን ከሚደግፉት ጋር እስከ ስድስት ጊዜ እየተገናኘ የጋራ አማራጭ የመፈለግ ግዴታ አለበት። አማራጭ ካልተገኘ የመጀመሪያው ሐሳብ ወደ ጠቅላላ ስብሰባው ተመልሶ በ75 በመቶ ድምፅ ይወሰናል። በዚህ ደንብ እገዳ ነጻ መብት መሆኑ ቀርቶ ሥራን የሚያስከትል ኃላፊነት ይሆናል።

ሌላው መንገድ ሶሲዮክራሲ ነው። መነሻው ኬስ ቡከ የተባለ ኔዘርላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1926 በቢልትሆቨን የከፈተው ትምህርት ቤት ሲሆን፣ በዚያ የተማረው ኢንጂነር ኼራርድ ኤንደንቡርግ በኤሌክትሪክ ሥራ ድርጅቱ ውስጥ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ ተሟላ አሠራር አሳደገው። በዚህ ዘዴ አባላት «ተስማምታችኋል ወይ?» ተብለው አይጠየቁም፤ የቡድኑን ዓላማ የሚያሰናክል በምክንያት የተደገፈ ተቃውሞ አለ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ከሌለ ሐሳቡ ለተወሰነ ጊዜ ተሞክሮ እንደገና ይታያል። የዕለት ተዕለት ጉዳዮች በትንንሽ ክበቦች ስለሚወሰኑ ሁሉም ሰው በሁሉም ጉዳይ ላይ መቀመጥ አይጠበቅበትም።

ሌሎች መንደሮች ቀለል ያሉ ገደቦችን ይጠቀማሉ። ለማገድ ከአንድ በላይ ሰው እንዲያስፈልግ ማድረግ ወይም በሁለት ስብሰባዎች ስምምነት ካልተገኘ ወደ ከፍተኛ አብላጫ ድምፅ ማለፍ ከነዚህ መካከል ናቸው። በአሜሪካ ብዙዎቹ መንደሮች በሕግ ፊት የተመዘገቡት እንደ ኮንዶሚኒየም ባለቤቶች ማኅበር በመሆኑ፣ በዕለት ኑሯቸው በስምምነት ቢወስኑም መተዳደሪያ ደንባቸው ውስጥ ድምፅ የሚሰጥበትን ሁኔታ ያስቀምጣሉ።

ትችት

ዋናው ትችት ጊዜን ይመለከታል። በማታ ስብሰባ ለሦስት ሰዓት መቀመጥ የሚችሉት ትንሽ ልጅ የሌላቸው ወይም የሌሊት ሥራ የማይሠሩ ናቸው። ስለዚህ ሁሉንም የሚያሳትፍ የሚመስለው ዘዴ ትርፍ ጊዜ ላላቸው ሊያደላ ይችላል። በንግግር የሠለጠኑ ሰዎችም ዓይን አፋሩን ይሸፍኑታል። አሜሪካዊቷ ጆ ፍሪማን በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በጻፈችው የታወቀ ጽሑፍ፣ መዋቅር የለንም በሚሉ ቡድኖች ውስጥ ሥልጣን እንደማይጠፋ፣ ይልቁንም በጓደኝነት ተሸፍኖ ለመጠየቅ እንደሚያስቸግር አመልክታለች።

ሁለተኛው አደጋ የውሸት ስምምነት ነው። የአስተዳደር ምሁሩ ጄሪ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1974 ይህን በአንድ የቴክሳስ ቤተሰብ ታሪክ አስረድቷል። በሙቀት ቀን አንዱ ወደ አቢሊን ከተማ ለእራት እንሂድ ይላል፤ ሌሎቹም እሺ ይላሉ። ደክሟቸው ሲመለሱ መሄድ የፈለገ አንድም ሰው እንዳልነበረ ይረዳሉ፤ ሁሉም የተስማማው ሌላው የፈለገ መስሎት ነበር። ጎረቤትን ላለማስቀየም መስማማት በተለመደበት መንደር ይህ ዓይነቱ ስህተት በቀላሉ ይፈጠራል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው አወያዮች ፈጣን ስምምነትን በጥርጣሬ ያዩታል።

ከኢትዮጵያ ልማዶች ጋር ያለው ዝምድና

ድምፅ ሳይቆጥሩ በመመካከር መወሰን በብዙ ሕዝቦች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። በኢትዮጵያ የቦረና ኦሮሞ ጉባኤዎች በዚህ ረገድ ተጠንተዋል። ጣሊያናዊው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ማርኮ ባሲ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው መጽሐፍ በዛፍ ጥላ ሥር የሚካሄዱት የቦረና ጉባኤዎች ወደ ስምምነት የሚደርሱበትን መንገድ ገልጿል። ከነዚህ ትልቁ በየስምንት ዓመቱ የሚካሄደው ጉሚ ጋዮ ነው።

ሽምግልናም ሁለቱም ወገኖች የሚቀበሉትን መፍትሔ መፈለጉ ከስምምነት ውሳኔ ጋር ያመሳስለዋል። ልዩነቱ በሽምግልና ሦስተኛ ወገን የሆኑ የተከበሩ ሽማግሌዎች የመፍትሔ ሐሳብ ሲያቀርቡ፣ በኮሃውሲንግ አወያዩ ሐሳብ ከማቅረብ መቆጠቡ ነው። በተጨማሪም ሽምግልና የሚጠራው ብዙውን ጊዜ ጠብ ከተነሣ በኋላ ሲሆን፣ የኮሃውሲንግ ስብሰባ ግን ጠብ ሳይኖርም በየጊዜው የሚካሄድ መደበኛ የአስተዳደር ሥራ ነው።